ስለ ዘንዶዎቹ መጽሐፍ የአንዲት ሟች አስተያየት

«ይህ መጽሐፍ አይደለም፤ ሸክም ነው» አሉ ዋና አርታዒው፣ በሲባጎ ግራና ቀኝ የተጠፈረውን የወረቀት ክምር አንባቢዋ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ ሲያደርጉት። «አራት ቅጽ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘንዶ ነው። እኔ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለቱ አየር ላይ ሲናከሱ መነጽሬን አወለቅሁ። አንቺ ግን…»

አልጨረሱትም። ጨርሰውም አያውቁም። የማሳተሚያ ቤቱ ሰዎች ከኋላቸው «ነጠላ ሰረዝ» የሚሏቸው ጎበጥ ብለው ስለሚሄዱ ብቻ አይደለም፤ ንግግራቸው ሁሉ ቀጣይ ያለው እየመሰለ መንገድ ላይ ስለሚቀር ጭምር ነው።

«ደራሲው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ስም የለበትም። ያመጡት ጥቁር የለበሱ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ወንበር ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ ጓንታቸውን እንኳ አላወለቁም። ‹በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ መልሱን እሰማለሁ› አሉኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ዞር ብለው ‹ያቺ ልጅ ታንብበው› አሉ። ከሦስቱ አንባቢዎች ያቺ ልጅ የትኛዋ ናት ብላቸው ስምሽን ጠሩ። እኔም እንግዲህ…»

አንባቢዋ ጀርባዋን አንዳች ቀዝቃዛ ነገር ሲዳብሳት ተሰማት። በመስኮቱ ስንጥቅ የገባ ነፋስ ነው ብላ አለፈችው።

ሥራዋ ይህ ነው፤ ሰው የጻፈውን ማንበብና ያሰበችውን መጻፍ። ሦስት አራት ገጽ አስተያየት ታዘጋጅና መጨረሻው ላይ «ይታተም»፣ «ይስተካከል» ወይም «ይቅር» ትላለች። ስሟን አትፈርምም። ለደራሲው የሚደርሰው ግልባጭ ላይ «አንባቢ ቁጥር ሦስት» የሚል ብቻ ነው ያለው። አንባቢ ቁጥር ሦስትን የሚጠሏት ደራሲያን ብዙ ናቸው። አንድ ገጣሚ እንዲያውም አስተያየቷን ባነበበ በወሩ ግጥሙን ትቶ ዶሮ እርባታ ጀምሮ እጅግ ተሳክቶለታል፤ ምስጋናውን ግን እስከ ዛሬ አላደረሰም።

ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት የኮት መስቀያ። ኮቷን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደለመደችው ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ትሰቅላለች። ባልደረቦቿ «እሷማ ያገባችው ወረቀት ነው» ይሏታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በልቧ ሐዘን ተቀምጣ እንደኖረች ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም።

*

መጽሐፉ አጀማመሩ አያምርም ነበር። አሥራ አንድ ዘንዶ በአንድ ምዕራፍ ይፈለፈላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቅድመ አያቱ ስምና የጠላቱ ስም አለው። አንድ ጎራዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ይወደሳል። አንባቢዋ ደብተሯ ላይ «ጎራዴው ይጠር» ብላ ጻፈች፤ አዛጋች፤ ገጽ ገለጠች።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመች።

የንጉሡ ፈረሶች ከሚያድሩበት ጋጣ በላይ አንዲት ክፍል አለች፤ ወደ እሷ የሚያወጣው ደረጃ ሃያ ሦስት ነው። የጋጣው ጠባቂ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሰባተኛው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰው እዚያ ነውና።

አንባቢዋ ያደገችው ከአንድ ጋራዥ በላይ ነው። አባቷ «ትልቁ ቤት» የሚባለው ግቢ ሾፌር ነበሩ። ደረጃው ሃያ ሦስት ነበር። ፀሐይ ቀድማ የምትደርሰውም ሰባተኛው ላይ ነበር።

«ሰው ሁሉ ደረጃ አለው» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። ድምጿ በባዶው ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው መሰላት።

ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ልጅቷ ግራ አንጓዋ ላይ ያለውን የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ በቆዳ ማሰሪያ ትሸፍናለች። አንባቢዋ የሰዓቷን ማሰሪያ ፈታች። ጠባሳው እዚያው ነው። ጣቷን አስነካችውና ሰው ያያት ይመስል ቶሎ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ወዲያ ማዛጋት ቀረ። ጎራዴውንም፣ የዘንዶውን ቅድመ አያትም አንድ መስመር ሳትዘል ታነብ ጀመር፤ እየፈራች፣ ደግሞም እየናፈቀች።

በሁለተኛው ቀን ገጽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሰች። ልዑሉ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ልጅቷ የጋጣውን በር ተደግፋ እንዲህ ትለዋለች፦ «ስትመለስ መልኬ ተለውጦ ካላወቅኸኝ፣ በክርክሬ ታውቀኛለህ።»

ይህን ቃል የተናገረችው እሷ ነበረች። የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰማውም አንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው ደግሞ ሞቷል።

*

የትልቁ ቤት አንድያ ልጅ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ ጀምሮ የሞነጫጨረውን ተረት ሁሉ ደረጃው ላይ አምጥቶ ያነብላታል፤ እሷም አንዱን በዝምታ አታሳልፍለትም። «ንጉሡ ለምን እንደተቆጣ አልገባኝም» ትለዋለች፤ «ይህቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ?» ትለዋለች። ይናደድና ወረቀቱን ጨምድዶ ይሄዳል፤ በማግስቱ አስተካክሎ ይመጣል። «ዳኛዬ» ብሎ ነበር የሚጠራት። ከተረት ወደ ዓይን ለዓይን መቼ እንደተሻገሩ ሁለቱም አያውቁትም። አንድ ቀን እያነበበ ቀና ሲል እሷ ወረቀቱን ሳይሆን እሱን እያየች ነበር። ያን ቀን ምንም አስተያየት አልሰጠችም።

ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲላክ በሰፈሩ ልብስ ሰፊ አድራሻ ይጻጻፉ ጀመር። ሥልሳ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ሥልሳ ሁለተኛው እናቱ እጅ ገባ። እናትየው ደብዳቤውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ጋራዡ ድረስ መጡና ሾፌሩን «ልጅህ የዚህ ቤት ምራት ልትሆን ነው የሰማሁት» አሏቸው፤ ሳቅ ብለው። በሳምንቱ የሾፌሩ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ከግቢው ወጣ፤ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ቤት ተከራየ።

ደብዳቤው ተቋረጠ። እሷም አምስት ወር ጠበቀች። ከዚያ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት እናትየው ራሳቸው ነበሩ። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ዓይናቸው አብጧል።

«ልጄ የለም» አሏት። «ከእንግዲህ አትምጪ።»

በሩ ተዘጋ። እሷም ያን በር ተደግፋ፣ ደረቷን እየመታች፣ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። የት እንደተቀበረ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

አሁን ከሰባት ዓመት በኋላ ሟቹ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ገጽ ልኮላታል። «ከመሞቱ በፊት የጻፈው ይሆናላ» ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ነገር ግን መጽሐፉ ውስጥ ጋጣውን የሚጋርደው ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። አንባቢዋ ከአውቶቡስ መስኮት ያን ግቢ አልፎ አልፎ ታየዋለች። ዛፉ የተቆረጠው አምና ነው። ሟቹ ከሞተ በኋላ የሆነውን ያውቃል ማለት ነው። ገጹን በመዳፏ ሸፈነችው፤ የሚያያት እየመሰላት።

*

ሦስተኛው ቅጽ የሙታን አገር ነው። እሳት የለበትም፣ ጨለማም የለበትም። ረጅም ኮሪደር ነው።

«ሙታን መሞታቸውን አያውቁም» ይላል ጽሑፉ። «ማለዳ ተነሥተው ሥራ ይገባሉ። ልብሳቸውን ሦስተኛው መስቀያ ላይ ይሰቅላሉ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያነብባሉ፤ በሕያዋን ዘንድ የተጻፈ ሁሉ ይደርሳቸዋልና። እሷም እዚያ ተቀምጣ አሁን ይህን ቃል ታነብባለች። ፍቅሬ፣ እስቲ ቀና በይ።»

ቀና አለች።

ኮቷ ሦስተኛው መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም ሳይነካው አንዱ እጅጌ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ጉም ግቢውን ሞልቶ መስኮቱ ድረስ ወጥቷል፤ መስታወቱም ላይ አንድ ሰው አፉን አስጠግቶ የተነፈሰበት የሚመስል ክብ ጤዛ አለ። ጤዛው በውጭ በኩል ነው። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ከሥራ ስትወጣ ዘበኛው ሰላም አላሏትም። «ደህና ዋልሽ ልጄ» ሳይሉ አሳልፈዋት የማያውቁት ሰውዬ ዓይናቸውን በእሷ ውስጥ አሻግረው ጉሙን ያያሉ። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጇ ፊቷ ቆማ ከጀርባዋ ያለውን ሰው «ምን ልታዘዝ?» አለችው። አውቶቡስ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ሊቀመጥባት ምንም አልቀረው። ለማንም ሰው በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለእሷ ግን አልሆነላትም። «ምናልባት የሞተው እሱ አይደለም» የሚል ሐሳብ መጣባት። «ምናልባት በሩ ላይ ስጮህ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ዋና አርታዒው ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ፣ ያዩኛል?»

«ምን አልሽ?»

«አሁን፣ እዚህ። ትታይኛለሽ ይበሉኝ።»

ነጠላ ሰረዝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። «ልጄ፣ ትታይኛለሽ። ከስተሽብኛል እንጂ ትታይኛለሽ። ዘንዶ ሰው ይበላል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ…»

ያን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ይዛ ወጣች። ግማሽም ቢሆን ሰው የተናገረው ነውና ኮሪደሩን እስክትጨርስ ሙቀቱ አብሯት ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት አራተኛውን ቅጽ ጨረሰች፤ አልቋል ከተባለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ልዑሉ የሙታን አገር በር ፊት ቆሞ እጁን መወርወሪያው ላይ አሳርፏል። «እነሆ መጣሁ» ይላል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

አንባቢዋ ብዕሯን አነሣች። ፈርታለች፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቃል።

«ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ» ብላ ጀመረች። «ረዝሟል። አሥራ አንዱ ዘንዶ ስምንት ቢሆን የሚጎድል ነገር የለም፤ ሦስቱ እሳት ከመትፋት በቀር ሥራ የላቸውም። የሁለተኛው ቅጽ ጉዞ ሲነበብ እግር ያሳምማል። ደራሲው ጎራዴ ሲያይ ራሱን ይስታል። ሰዎቹ ሲቆጡ ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ።

«ሆኖም አንድያ ልጇን እንዳይሰርቁባት በክንፏ ሸፍና አየር ያሳጣችው እናት ዘንዶ ከዓይኔ አትጠፋም። የልዑሉ ሐዘን እውነት ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን ሳያዝኑ አይጻፍም።

«የማላምነው የጋጣው ጠባቂ ልጅ አሟሟት ነው። ደራሲው ‹የለችም› ብሎ ብቻ ያልፋታል። በምን ሞተች? መቼ? ማን ቀበራት? ሬሳዋን ማን አየ? አንድ ሰው ‹የለችም› ስላለ ብቻ ልዑሉ እንዴት…»

ብዕሩ ቆመ።

ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በምን ሞተ? መቼ? ማን ቀበረው? ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስታርም የኖረች ሴት፣ የራሷን ሕይወት አንድ ጊዜ እንኳ በዚህ ዓይን አላነበበችውም። ልቧ እንደ ተዘጋ ክፍል በር ከውስጥ ይደበደብ ጀመር፤ ተስፋ እንደዚህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጥቁር የለበሱት ሴትዮ ናቸው። አርጅተዋል፤ አንገታቸው ግን ያው ቀጥ ያለ ነው።

«አነበብሽው?» አሉ።

«አነበብኩት፣ እትዬ።» ልጅ ሆና በዚያ ግቢ ትጠራቸው በነበረው ስም ሳታስበው ጠራቻቸው። «ያን ቀን በር ላይ ‹ልጄ የለም› ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ።»

«ምን ማለትዎ ነበር?»

እናትየው መስኮቱን ያያሉ። «ባሕር ማዶ ነበር። እቤት የለም ማለቴ ነበር፣ መጀመሪያ። ከዚያ አንቺ ጥቁሬን አይተሽ ደረትሽን ስትመቺ አየሁ። ጥቁር የለበስኩት ለአባቱ ነበር፤ ባሌ ካረፈ አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። አፌን ከፍቼ ላርምሽ እችል ነበር። በሩን ዘጋሁት።»

«ለእሱስ ምን አሉት?»

«ሲመለስ ጠየቀኝ። ‹የለችም› አልኩት። ከሰፈሩ ሄዳችሁ አልነበር? በዚያ ክረምት ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ሞቷል። የቀረውን ራሱ ሞላው። የሁለታችሁንም ደብዳቤዎች ከልብስ ሰፊው እየተቀበልኩ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ግን ከአፌ አልወጣም። እኔ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።»

ይህን ብለው ጓንታቸውን ሳብ አድርገው አጠበቁ።

«ታዲያ አሁን ለምን መጡ?»

«አነበብኩታ። ግልባጩን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ በአጉሊ መነጽር፣ አራት ወር ፈጀብኝ። በክንፏ ልጇን ያፈነችውን ዘንዶ አወቅኋት። እሱ ሳያውቅ ነው የጻፈኝ። አንቺ የት እንዳለሽ ያወቅሁት አንባቢ ቁጥር ሦስት ማን እንደሆነች አጠያይቆ የደረሰበት አንድ ደራሲ በመጽሐፉ መግቢያ ስምሽን ጠርቶ ሲያመሰግን አይቼ ነው። ልነግረው አሥር ጊዜ ደረጃውን ወጣሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ባፌ ያጠፋሁትን በእጄ ተሸክሜ አመጣሁልሽ።» ተነፈሱ። «የመጨረሻውን ምዕራፍ ዛሬ እጽፋለሁ ብሎኛል። በሩን ይከፍተዋል አለኝ። እናቱ ነኝ፤ የትኛውን በር እንደሆነ አውቃለሁ።»

አንባቢዋ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ አሁን የምጠይቅዎትን በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ልጅዎ አለ ወይስ የለም?»

ሴትዮዋ ጓንታቸውን አወለቁ።

«አለ» አሉ።

ሁለት ፊደል ናት። አንባቢዋ ግን ከዚያች ቃል በታች ጎንበስ አለች፤ ሰማይ የሚያህል ነገር ትከሻዋ ላይ እንደወረደ ሁሉ፤ ደስታ ይሁን በደል መለየት አቃታት።

*

ጉሙ የትልቁን ቤት ግቢ ውጦታል። ከዛፉ ጉቶ በቀር የሚለይ ነገር የለም። እናትየው ጋራዡ ሥር ቆሙ።

«እላይ ነው» አሉ። «ከመጣ ጀምሮ የሚኖረው እናንተ ክፍል ውስጥ ነው።»

ብቻዋን ወጣች። ሃያ ሦስቱን ደረጃ እግሯ ራሱ ቆጠረው። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጧል። ትከሻው ቀጭኗል፤ ማጅራቱ ላይ ሽበት ገብቷል። መኪናው ላይ ነጭ ወረቀት ተወጥሮ ይጠብቃል።

ሳይዞር «ዛሬ በቀን መጣሽ» አላት።

ደሟ ቀጥ አለ።

«ሁልጊዜ ሲመሻሽ ነበር የምትመጪው» አለ በዝግታ፣ በየቀኑ ለሚያየው ሰው እንደሚያወራ። «ቁጭ በይ። ልጨርስልሽ ነው። በሩን ይከፍትና ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እዚህ ድረስ መመላለስ አይኖርብሽም።»

«አለሁ እኮ» አለች። ድምጿ ሹክሹክታ ሆነ። «አልሞትኩም። እዚሁ ከተማ አለሁ።»

ዞሮ አያት። ዓይኑ ውስጥ ድንጋጤ የለም፤ የቆየ፣ የተለማመደ ፍቅር ብቻ ነው ያለው፤ ከሁሉም ያስፈራት ያ ነው። ፈገግ አለ። «ሁልጊዜም እንዲህ ትያለሽ።» አንድ እርምጃ ስትጠጋው እጁን አነሣ። «አትንኪኝ። ስትነኪኝ ትጠፊያለሽ።»

ልታለቅስ ነበር። ልትጮህ ነበር። በእሱ ዓይን ውስጥ ራሷን አየች፤ ጉም ሆና፣ ጠርዝ አልባ ሆና። ምን ብትለው ያምናታል? «እወድሃለሁ» ብትለው ሲመሻሽ የምትመጣው ያቺኛዋም በየቀኑ ትለዋለች። ብታለቅስ ያቺኛዋም ታለቅሳለች። የጨነቀው እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ሲርመሰመስ ወረቀቱን ጨበጠ።

አወጣችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ረዝሟል» ብላ አነበበች።

«ምን?»

«መጽሐፉ። ረዝሟል። አሥራ አንዱ ዘንዶ ስምንት ቢሆን የሚጎድል ነገር የለም።»

ግንባሩ ተኮማተረ። «የትኞቹን ሦስት?»

«ሦስቱን ወንድማማቾች። እሳት ከመትፋት በቀር ምን ይሠራሉ? ከሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ሠላሳ አምስት ገጽ ይውጣ።»

«ከየት ነው የሚወጣው?»

«ከበረሃው።»

«በረሃው የመጽሐፉ ልብ ነው!»

«በረሃው አሸዋ ነው። አርባ ገጽ አሸዋ፣ ከዚያ አንድ ጉድጓድ፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋ።»

«ጥሙ እንዲሰማሽ ነዋ!»

«ጥሙ በአምስተኛው ገጽ ተሰምቶኛል። የቀረው ሠላሳ አምስት የራስህ ነው። ያ ጎራዴ ደግሞ…»

«ጎራዴውን ተዪው! ጎራዴውን የማይወድ አንባቢ…» ብድግ ብሎ ነበር፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ጣቱን ቀስሯል። በዚያው እንደቆመ ደሙ ከፊቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«የምትመጪዋ አንቺ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ ተቃውመሽኝ አታውቂም።»

«እኔ?»

«እያንዳንዱን ገጽ አንብቤላታለሁ። ሁሉንም ትወደዋለች። በረሃውን… በረሃውን ስትሰማ አለቀሰች።»

«እንግዲያው እሷ እኔ አይደለሁም» አለች አንባቢዋ። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። «እኔ በረሃው ላይ ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶኛል።»

እየፈራ እጁን ዘረጋ፤ እሳት እንደሚነካ ሰው። የሰዓቷን ማሰሪያ ፈታ። ጠባሳውን አላየውም፤ ከጠባሳው ሥር ያለውን ነው አውራ ጣቱ የፈለገው። አገኘው። አንገቱን ደፍቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ይመታል» አለ።

«ይመታል።»

«ዳኛዬ…» አለ። ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ እሷም አብራው ወረደች። ሰባት ዓመት ያጠራቀመው ልቅሶ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ግንባሯን ግንባሩ ላይ አስደግፋ ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር። ለደቂቃዎች ያህል ከሁለቱ የትኛው ከሙታን አገር እንደተመለሰ አታውቅም ነበር፤ ብትለቀው ግን ሁለቱም ተመልሰው የሚገቡ መሰላት።

*

«እናቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «‹የለችም› ያለችኝ እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ። እዚህ ያመጡኝም እሳቸው ናቸው።»

ከሥር፣ ከደረጃው ግርጌ፣ የታፈነ ሳል ተሰማ። እናትየው አልሄዱም። አልወጡምም። ልጁ ሊነሣ ሲል ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ አስደነገጣት፤ ክንዱን ያዘችው።

«ዛሬ አይሁን» አለችው። «የምትላቸው ነገር ሁሉ ልክ ይሆናል። እኔም የምላቸው አለኝ። ግን ዛሬ አይሁን።»

«ትምሪያታለሽ?»

ውስጧን ፈተሸች። ይቅርታ ፈለገች፤ አላገኘችም። ጥላቻም ፈለገች፤ እሱም ባለበት አልነበረም። የተሰረቀው ሰባት ዓመት ማንም የማይመልሰው ጉድጓድ ሆኖ እንዳለ አለ፤ ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች ብታይ እንደሚያዞራት አወቀች። ከዚያ ጉድጓድ ወዲህ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ቀላል፣ የሚያሳፍር፣ ሆዷ ውስጥ የሚንጫጫ ነገር። ምን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«ራበኝ» አለች።

አፍጥጦ አያት። ከዚያ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመስል ክፍሉን ያተራምስ ጀመር። መሳቢያ ከፈተ፤ ወረቀት ገለበጠ፤ ከአራተኛው ቅጽ ሥር የደረቀ ዳቦና አንድ ብርቱካን አገኘ። ብርቱካኑን ሊልጥላት ሲሞክር ጥፍሩ ውስጡ ሰመጠ። ቀማችው። የሷም እጅ ከእሱ አልተሻለም፤ ልጣጩ እየተቆራረጠ፣ ጭማቂው በጣቶቿ መካከል እየወረደ፣ እንደምንም ለሁለት ገመሰችው።

ወለሉ ላይ ተቀምጠው በሉ። ብርቱካኑ ኮምጣጣ ነበር፤ ዳቦው ጥርስ ይሰብራል። እሱ እሷ ስትውጥ ያያል። እሷ እሱ ሲያኝክ ታያለች። እያለቀሰች በላች፤ በልታም አልጠገበች፤ አለመጥገቧም እንዲህ ደስ ሊያሰኛት እንደሚችል በሕይወቷ አስባው አታውቅም ነበር።